የመጀመሪያውን ሌንስ ለማን እንግዛ?

ፎቶግራፍ ማንሳት ለትርፍ ጊዜ የሚሆን ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ኪስ ይነካል። ካሜራው ከተገዛ በኋላ ሌንስ ይከተላል፤ የአንዳንዱ ሌንስ ዋጋ ደግሞ ከካሜራው ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ለአንድ ሌንስ የሚበቃ ገንዘብ ሲያጠራቅም በምን ላይ ቢውል እንደሚበጅ አስቀድሞ መመካከር ይገባዋል።

የምናውቃቸው እህትና ወንድም ይኸው ጉዳይ አከራክሯቸው ወደኛ መጡ። ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው። በአንድ ካሜራ ይጠቀማሉ፤ ገንዘቡንም ያጠራቀሙት አብረው ነው። እህት በግቢያቸው የሚበቅለውን አደይ አበባና በላዩ የምታርፈውን ንብ አጉልታ ለማንሳት ማክሮ ሌንስ ትፈልጋለች። ወንድም ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ የሚያነሳ ፕራይም ሌንስ ይሁን ይላል። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ «የአያታችን ፎቶ የለንም። ያለው መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነው» አለን። አያታቸው አርጅተዋል፤ ፍላሽ ዓይናቸውን ስለሚያስቸግራቸው ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

ፕራይም የሚባለው ዙም የሌለው ሌንስ ነው። ማቅረብ ወይም ማራቅ የፈለገ ሰው በእግሩ ይራመዳል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን ማክሮ ሌንሶችም በአብዛኛው ዙም የሌላቸው መሆኑ ነው። እንግዲህ ማክሮ የፕራይም ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት በብርሃንና በቅርበት ነው።

በመጀመሪያ ብርሃንን እንይ። ለጀማሪ የሚመከረው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፕራይም የብርሃን ቀዳዳው እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። የተለመደው ባለ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ግን ኤፍ 2.8 ላይ ይቆማል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋልና የመጀመሪያው ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። በመስኮት ብርሃን ወይም በአንድ አምፖል ለሚነሳ ፊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማክሮውም ፊት አሳምሮ ያነሳል፤ ነገር ግን በጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ የምንሸሽበት ቦታ ያሳጣናል።

በቅርበት በኩል ግን ማክሮ ይበልጣል። 50ው ሌንስ እንደ ሥሪቱ ከ35 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይቀርባል፤ ከዚያ ካለፈ ምስሉ ይደበዝዛል። በዚህ ርቀት ንቧ በፎቶው ላይ ትንሽ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ማክሮ ግን የነገሩን ምስል በራሱ በነገሩ ልክ፣ አንድ ለአንድ፣ ሴንሰሩ ላይ ያሳርፋል። የትልቁ ሴንሰር ወርድ 36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጠው ንብ የፎቶውን ሲሶ ያህል ትይዛለች።

ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። በዚያ ቅርበት በኤፍ 8 እንኳ ብናነሳ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትንፋሻችን እጃችንን ሲያነቃንቅ ትኩረቱ ይስታል። ስለዚህ ማክሮ መቆሚያና ትዕግሥት ይጠይቃል። ገንዘቡም ቢሆን ከተራው 50 በርካታ እጥፍ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ለእህትና ወንድሙ ሁለት ነገር እንዲያደርጉ ነገርናቸው። አንደኛ፣ ከካሜራው ጋር የመጣውን ከ18 እስከ 55 የሚሄድ ዙም 50 ላይ አድርገው አንድ ሳምንት ሳይነኩት እንዲያነሱ። ሁለተኛ፣ ካነሷቸው የመጨረሻዎቹን መቶ ፎቶዎች እንዲቆጥሩ፦ ስንቱ የሰው ፊት ነው? ስንቱ ትንንሽ ነገር?

ቆጥረው ሲመለሱ ክርክሩ በርዶ ነበር። ከራሷ ከእህት ፎቶዎች እንኳ የሚበዙት የቤተሰብ ሆነው ተገኙ። 50ውን ገዙ። በተረፈው ገንዘብ ደግሞ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ፣ መስተዋት የሌለው ቀለበት ጨመሩ። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት 50ውን ሌንስ ወደ ግማሽ ማክሮ ይቀይረዋል። አደዩን በዚሁ አነሱት። ንቧ ግን እስካሁን አልተቻለችም፤ በቀለበቱ ለማንሳት በጣም መጠጋት ስለሚያስፈልግ ትበርራለች። ለእርሷ ማክሮው ራሱ ያስፈልጋል፤ ለዚያም እንደገና ማጠራቀም ጀምረዋል።

አያታቸውስ? በዒድ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ልጆቹ ፈቃድ ጠየቋቸው። ፍላሽ እንደሌለ ሲነገራቸው ሻሻቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲያው አንሱኝ» አሉ። ፎቶው ታጥቦ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል።

ውድ አንባቢያን! ከሁለቱ አንዱ ከሌላው ይሻላል ብለን አንፈርድም። ትንንሹን ፍጥረት መመልከት የሚወድ ሰው ማክሮ ቢገዛ አይቆጭም። ለአንድ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ግን የማይጠብቀውን ያስቀድም እንላለን። አደይ አበባ በየመስከረሙ ይመለሳል።