ጀልባ ላይ አትቁሙ

ባለፈው እሑድ ከላሊበላ ስልክ ተደወለልኝ። የሰፈራችን እናት ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ቡና የሚጠራሩ፣ ልጅ ሆኜ ያዘሉኝ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠይቀውኝ ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ልጄ፣ አንተ ባሕር ላይ አይደል የምትሠራው? ይኼ የጅቡቲው ባሕር ከተከዜ ይበልጣል እንዴ?» አሉኝ።

ነገሩ የትንሹ ልጃቸው ነው። ደላላ መጥቶ ገንዘብ ጠይቋቸዋል። መንገዱንም ቆጥሮላቸዋል፦ ወልድያ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ገላፊ፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ። «ከዚያ በኋላ በጀልባ ትንሽ ናት፤ ማዶው ይታያል» ብሏቸዋል።

ለእሳቸው በስልክ ያልኩትን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ። አትሂዱ የሚለውን በሬዲዮም በስብሰባም ሰምታችሁታል፤ እኔም አትሂዱ ነው የምለው። ነገር ግን ይህን ቻናል ከምታነቡት መካከል ልባችሁ የቆረጠ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደላላው ስለ ጀልባዋ አይነግራችሁም። እኔ ልንገራችሁ።

ተከዜ ከእኛው ከላስታ ተራሮች የሚነሣ ወንዝ ነው። ቢሞላም ዳርና ዳር አለው፤ እስኪጎድል ጠብቆ መሻገር ይቻላል። ደራሽ ሲመጣ ከፍ ካለ ቦታ መቆየት፣ ጎርፍ ስንሻገር እጅ ለእጅ መያያዝ፣ ዱላ ተክሎ እግርን ማጽናት ከወላጆቻችን የወረስነው እውቀት ነው። ችግሩ ይህ እውቀት ጀልባ ላይ ሲደርስ መገልበጡ ነው። ወንዝ ውስጥ የሚያድነን ጸንቶ መቆም ነው፤ ጀልባ ላይ ብዙ ሰው የሚያስጨርሰው መቆም ነው።

አህያ የጫነ ሰው ይህ አይጠፋውም። ጭነቱ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኙ ከተመዛዘነ አህያዋ ቁልቁለቱን በሰላም ትወርዳለች። ከላይ ከተከመረ ግን መንገዱ ትንሽ ዘንበል ሲል ጭነቱ ያጋድልና አህያዋን ይዟት ይሄዳል። ጀልባም እንደዚያው ናት። መቶ ሰው ወለሏ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ታች ነው። ከመካከላቸው ሃያው ብድግ ሲሉ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል። እነዚያ ሃያ ሰዎች «መብራት! መብራት!» ብለው ወደ አንድ ጎን ሲጠጉ ጀልባዋ ታጋድላለች፤ ያጋደለው ጎኗም ውሃ ይቀዳል። የገባው ውሃ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። በትሪ ውሃ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ሁለት እርምጃ ሂዱና እዩት፤ ትሪው ትንሽ ሲያዘነብል ውሃው ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጣል፣ ትሪውንም ይበልጥ ያዘነብለዋል። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ የያዘች ጀልባ እንዲህ ነው የምትገለበጠው።

በነገራችን ላይ የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ውሃ ቢገባበትም ወዲያው አይሰጥምም። የኦቦኮቹ ጀልባዎች ግን አብዛኞቹ የፋይበር ናቸው፤ የሚያንሳፍፋቸው በውስጣቸው ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ቦታ ላይ ሰው በሰው ሲደራረብ ከውሃው እስከ ጀልባዋ ከንፈር ያለው ከፍታ ወደ ስንዝር ይወርዳል። ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ማየት ብትችሉ ያንን ከፍታ እዩ። ስንዝር ከሆነ ጀልባዋ ገና ከአሸዋው ሳትርቅ አልቆላታል።

ባሕሩ ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ በዐረብኛ የእንባ በር ማለት ነው። በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኦቦክ ሲነሡ ግን መንገዱ ከዚያ ይረዝማል። ደላላው የዘለለው ሌላው ነገር በር መሆኑን ነው። በጣርማ በር ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሜዳ ላይ ለስላሳ የነበረ ነፋስ በተራሮች መካከል ሲጨመቅ ሰው ይገፋል። እዚያም በየመንና በአፍሪካ ተራሮች መካከል እንዲሁ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነፋሱ በአብዛኛው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል፤ በክረምት አቅጣጫው ይለወጣል። ከሥር ደግሞ የውሃው ጅረት አለ። ነፋሱና ጅረቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ማዕበሉ አጭርና እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሆናል። እኔ የምሠራበት መርከብ ያንን ማዕበል ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ትንሽ ጀልባ ግን ፊቷን ወደ ማዕበሉ አዙራ ቀስ ብላ ካልሄደች አትችለውም። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ በራሷ ዞራ ጎኗን ትሰጠዋለች።

አንድ ጊዜ በዚያ በር ስናልፍ ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር። ከሞተር ክፍል ተረኛነቴን ጨርሼ አየር ልወስድ ወደ ላይ ወጣሁ። ሩቅ አንዲት ነጭ ጀልባ አየሁ። ሲያዩን ሁሉም ተነሡ፤ ነጠላ ያውለበልባሉ፣ እጃቸውን ያነሣሉ። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ ሰላምታ መስሎት እጁን አነሣ። እኔ ግን የመርከቡን ዳር ብረት ይዤ «ተቀመጡ! ተቀመጡ በእናታችሁ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ያን ርቀት የሚሻገር ድምፅ የለም። የእኛ መርከብ የሚገፋው ውሃ ደርሶ ጀልባዋን ሲያነሣትና ሲያወርዳት አየሁ፤ ደግነቱ አልተገለበጠችም። ነጠላዋ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች።

በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ የሰጠመችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰው ጭና ነበር፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከ90 በላይ ሞተዋል። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት መስከረም፣ የወሎ ሰው ለግሸን ማርያም በሚተምበት ሰሞን፣ 310 ሰው ይዘው ከየመን ወደ ጅቡቲ ይመለሱ ከነበሩ ሁለት ጀልባዎች ቢያንስ 45 ሰው ሞቷል። የጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች እንዳሉት ቦታው ኾር አንጋር አካባቢ፣ ከባሕሩ ዳርቻ 150 ሜትር ብቻ የሚርቅ ነው። የተረፉት በግድ ዝለሉ እንደተባሉ ተናግረዋል። 150 ሜትር ማለት እናንተ በእግር ሁለት ደቂቃ የሚፈጅባችሁ መንገድ ነው። ዳርቻው ታየ ማለት ውሃው ከቁመት በታች ሆነ ማለት አይደለም።

እኔ ራሴ ዋና የተማርኩት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ላሊበላ ስናድግ የምናውቀው ውሃ በጋ የሚደርቀው ዮርዳኖስ ነበር፤ ጥልቅ የምንለው የቤተ ማርያም ግቢ ኩሬ ነው፣ እሱም ውስጥ ሴቶች ሲጠመቁ በገመድ ተይዘው ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ በሥልጠና ዝለል ስባል ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሠልጣኙ ያስያዘን እንዲህ ነው፦ አንድ እጅ አፍንጫና አፍ ይይዛል፤ ሌላው የላይፍ ጃኬቱን ከአንገቱ ወደ ታች ይጫናል፤ እግር ይገጠማል፤ ዓይን ወደ ፊት እንጂ ወደ ታች አያይም። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። ውሃው ደግሞ ያወጣችኋል፤ ማመን የሚያቅተው እሱ ነበር።

ደላላ ላይፍ ጃኬት አይሰጥም። ስለዚህ በየቤታችን ያለውን ቢጫ ጀሪካን አስቡ። ባለ 20 ሊትሩ ባዶውን ሆኖ ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ 20 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ሰው ደግሞ ውሃ ውስጥ ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ለማዋል ጀሪካኑ ይተርፈዋል። ደረታችሁ ላይ እቀፉት፣ አገጫችሁን አሳርፉበት፣ እግራችሁን ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ። ጋቢና ከባድ ጫማ አስቀድማችሁ አውልቁ። ስትዘሉ ከሞተሩ ራቁ፤ ሁላችሁም በአንድ ጎን አትዝለሉ። ባሕሩ ሞቃት ነው፤ የሚንሳፈፍ ሰው ብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ውሃውን ግን አትጠጡ፤ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፣ ጥሙን ያብሰዋል።

እናቶች፣ ልጃችሁን በጀርባ እንዳዘላችሁ ጀልባ ላይ አትውጡ። ወደ ደረታችሁ አምጡት። ውሃ ውስጥ በጀርባችሁ ስትንሳፈፉ በማዘያ ያለ ሕፃን ከሥራችሁ ነው የሚሆነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ጻፍኩት።

እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ «የእኛ ጀሪካን እኮ ክዳኑ ያፈሳል፤ ከቦኖ ስንቀዳ ፌስታል ነው ከሥሩ የምናደርግበት» አሉኝ። ለባሕርም እንደዚያው ነው፣ ፌስታሉን እጥፍ አድርገው ያጥብቁት አልኳቸው። ገንዘቡን ገና አልሰጡም። ልጁ ዛሬ ማታ ይደውልልኛል።