ቀስ ብሎ የሚወጣው መስኮት ስንት ብር ያስቀንሳል?

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲም ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር አሮጌ መኪና ሲሸጥና ሲገዛ ላየ ሰው ነገሩ የታወቀ ነው። ገዢው ሞተሩን ያስነሣል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ላሜራውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል። በመጨረሻም ሹፌር ወንበር ላይ ይቀመጥና የመስኮቱን ስዊች ይጫናል። መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ግማሽ ላይ እየቆመ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ ካዘገመ ያን ጊዜ የገዢው ፊት ይለወጣል። «የመስኮቱ ሞተር ሄዷል» ይላል። ሻጩ የሚመልሰው የለውም፤ ደላላውም ስምምነቱ እንዳይፈርስ ሲል «ትንሽ ቀንስለት» ከማለት አያልፍም። በዚች አንድ ስዊች ምክንያት ከዋጋው ላይ የሚነሣው ብር አንዳንድ ጊዜ አዲስ ሞተር ከሚገዛው በላይ ነው።

ለመሆኑ ሞተሩ በእርግጥ ሄዷል? አብዛኛውን ጊዜ አልሄደም።

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የአሮጌ መኪና ዋጋ ዛሬ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮ ተወደደ። ስለዚህ አሮጌዋ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ለባለቤቷ እንደ ቦታና እንደ ቤት የምትቆጠር ሀብት ሆናለች። እንዲህ ያለ ሀብት ሲሸጥ ጥፋቱን ሳያውቁ ዋጋ መቀነስም፣ ሳያውቁ ዕቃ መለወጥም ኪሳራ ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰውም ከኪሳራው ቀምሷል። የሹፌር በኩል መስኮት ሲዘገይበት ጊዜ ሳያጠፋ ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ተከራክሮ ያገለገለ ሞተር ገዛ፤ አስገጠመም። መስኮቱ ግን እንደ ቀድሞው አዘገመ። ስፖርቴሎው ሁለተኛ ሲፈታ የተገኘው ጥፋት መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ ውስጥ እንደ ጭቃ የጋገረ አቧራ ነበር። የወጣው ሞተር ምንም ሳይሆን ዛሬም መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

እንግዲህ ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ መስታወቱ ተይዞ ነው ወይስ ኮረንቲው አልደረሰው ብሎ ነው?

በመጀመሪያ መኪናው ሳይነሣ፣ ቀጥሎም ሞተሩ እየሠራ አራቱንም መስኮቶች ይሞክሩ። አራቱም የሚዘገዩና መኪናው ሲነሣ የሚፈጥኑ ከሆነ ስፖርቴሎውን መክፈት አያስፈልግም፤ የሚታየው ባትሪው ወይም የባትሪው ማሰሪያ ነው። በደንብ የተሞላና ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ዲናሞው ሲሠራ ደግሞ 14 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ዋጋ የሚያውቅ ሻጭ ገዢ ሲመጣ መኪናውን አስነሥቶ የሚጠብቀው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት መሆኑን ገዢዎች ልብ ቢሉ መልካም ነው።

የዘገየው አንዱ ብቻ ከሆነ ቀላል ሙከራ አለ። ባትሪው ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ መሸት ሲል የውስጥ መብራቱን አብርተው ስዊቹን ይጫኑ። መስታወቱ እየተንፏቀቀ መብራቱ በግልጽ የሚደበዝዝ ከሆነ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየጎተተ ነው፤ ማለትም የያዘው ነገር አለ። መስታወቱ እየዘገየ መብራቱ ግን ምንም የማይል ከሆነ ሞተሩ የሚበቃውን ኮረንቲ አላገኘም፤ ስዊቹ፣ ሽቦው ወይም የሞተሩ ካርቦን ይጠረጠራል። ለዚህ ሙከራ የሚወጣ ሳንቲም የለም።

የተያዘ መስታወት በአቃቂ ቃሊቲ ብዙ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪናዎች ቀንና ሌሊት የሚመላለሱበት አካባቢ በመሆኑ በበጋ አቧራው አይጣል ነው። የሹፌር በኩል መስኮት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ይደክማል፤ ለትራፊክ ፖሊስ ይከፈታል፣ ለግቢ ዘበኛ ይከፈታል፣ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ቱሉ ዲምቱ ሲደርሱም ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር አቧራው ወደ ጎማው ቦይ ይወርዳል። ጠዋት በብርዱ አዝግሞ ቀትር ላይ ፈጠን የሚል መስኮትም ጥርጣሬውን ወደ ደረቀ ጎማና ወደ ደረቀ ግራሶ ያዞረዋል።

መድኃኒቱ ቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ በሳሙና ውኃ እያራሱ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ማጽዳት፣ ሲደርቅም ለጎማ የሚሆን ሲሊኮን መንፋት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያገኘውን የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ በመቀባት ነው። ለሁለት ሳምንት መስኮቱ እንደ አዲስ ይሮጣል፤ ከዚያ ዘይቱ አቧራውን ሰብስቦ ሊጥ ያደርገዋል፣ ጎማውንም ያብጠዋል። ግራሶ ቦታው ውስጥ ነው፤ መስታወቱን የሚያነሣው ብረት ላይ። መስታወቱ ሲወጣ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ወይም የመፍጨት ድምፅ ከተሰማ ግን ጽዳት አያድነውም፤ ማንሻው ተጣሟል ወይም ካቦው ተበጣጥሷል።

ወደ ኮረንቲው ስንመለስ፣ የተሳፋሪ በኩል መስኮት ሁለት ስዊች አለው፤ አንዱ በራሱ በር፣ ሌላው ሹፌሩ ዘንድ። ከአንዱ ሲጫኑት ፈጥኖ ከሌላው ሲጫኑት የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ የዘገየው ስዊች ኮንታክት ላይ ነው። ካልሆነ ኤሌክትሪሻኑ ሞተሩ ሶኬት ላይ፣ ስዊቹ እየተጫነ ቮልቱን ይለካ። በዚያው ሰዓት ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ የሚያንስ ከሆነ ኮረንቲው መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በአሮጌ መኪና የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚተጣጠፈው፣ ማጠፊያው አጠገብ በጎማ የተሸፈነው የሽቦ እስር ነው። ቮልቱ ሙሉ ሆኖ፣ ማንሻውም ነፃ ሆኖ መስኮቱ ካዘገመ ያን ጊዜ «ሞተሩ ሄዷል» ማለት ይቻላል። ያን ጊዜም ቢሆን ካርቦኑ ተለውጦ የሚድን አለ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ወርዶ ወጥቶ ቀጥ የሚል፣ ትንሽ ካረፈ በኋላም የሚነሣ መስኮት ብዙ ሰው ያሳስታል። ይህ ሞተሩ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ ነው። የያዘው ነገር ሳይነሣለት እየደጋገሙ ስዊቹን መጫን ደህናውን ሞተር ማቃጠል ነው።

ዋጋ ላይ ስንመጣ፣ የጸሐፊው ምክር ለሻጭ ገዢ ሳይመጣ ቦዩን እንዲያጸዳ፣ ለገዢ ደግሞ እያንዳንዱን መስኮት ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ አውርዶ እንዲያወጣ ነው። ልዩነት ከተፈጠረ ቀብድ ከመያዙ በፊት ሁለቱም በተስማሙበት ጋራዥ ስፖርቴሎው ይከፈት፤ የሚቀነሰውም ብር በግምት ሳይሆን በተገኘው ጥፋት ይሁን። ማንሻው ከመፈታቱ በፊት መስታወቱ በፕላስተር ከላይ ይታሰር፤ ስፕሪንግ ያለው ማንሻ ሞተሩ ሲነቀል ተፈናጥሮ ጣት ይቆርጣልና ልምድ የሌለው እጁን አያስገባ። በሩ ሲገጠምም ከውስጥ ያለው ላስቲክ ሳይቀደድ ይመለስ፣ ከታች ያሉት ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም ከጭቃ ይጽዱ፤ እነሱ ተደፍነው ክረምት ከገባ ውኃው በሩ ውስጥ ተጠራቅሞ አዲስ የተገዛውንም ሞተር ያበላሻል።