የዳርፉር ጦርነት

የዳርፉር ጦርነት በምዕራብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ የትጥቅ ግጭት ነው። የሱዳን ነፃ አውጪ ጦር እና የፍትሕና የእኩልነት ንቅናቄ የተባሉ አማፅያን፣ የካርቱም መንግሥት ዳርፉርን ችላ ብሏል፣ አረብ ያልሆኑ ሕዝቦቿንም ይበድላል በማለት ጦር አነሱ። በአርብቶ አደሮችና በገበሬዎች መካከል በግጦሽና በውሃ የተነሳ የቆየው ጠብም ግጭቱን አባባሰው።

መንግሥት ጃንጃዊድ የተባሉትን ፈረስና ግመል ጋላቢ ታጣቂዎች አሰማራ። እነዚህም ከአየር ድብደባ ጋር የፉርን፣ የማሳሊትንና የዛጋዋን መንደሮች አቃጠሉ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት 300,000 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተፈናቀሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹን የገደላቸው ረሃብና በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በፕሬዚዳንት ዑመር አል-በሽር ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ።

ጃንጃዊድ ግን አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከታጣቂዎቹ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የተባለው ጦር ተቋቋመ፤ አዛዡም መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ (ሄሜቲ) ሆነ። ይህ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2019 አል-በሽር ከሥልጣን ሲወርድ ከመደበኛው ጦር ጎን ቆመ። ሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ግን በካርቱም ከዚያው ጦር ጋር ውጊያ ገጠመ። ጦርነቱ ወዲያው ወደ ዳርፉር ተዛመተ፤ በዚያው ዓመት በኤል ጀኔይና ከተማ በርካታ ማሳሊቶች ተገደሉ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩም ወደ ቻድ ተሰደዱ።