የኤሌክትሪክ መኪና በክረምት፦ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ ውጭም መታየት ጀምሯል። ጠባዩን ለማወቅ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው የደሴ መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐምሌና ነሐሴ ላይኛው ጉምና ዝናብ ሲለብስ፣ ታችኛው የይፋት ቆላ በዚያው ቀን ሊሞቅ ይችላል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ማርሽ መቀያየር አያሻውም፤ ፔዳሉ ገና ሲረገጥ ጉልበቱን ይሰጣል። በርጥብ ዳገት ላይ ይህ ጉልበት ጎማውን ባለበት ሊያሽከረክረው ይችላል። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ኃይሉን ወዲያው ይቀንሳል፤ ጎማው የሌለውን መንገድ የመያዝ አቅም ግን ሊፈጥርለት አይችልም። ስለዚህ እግርን ቀስ አድርጎ መርገጥ ይበጃል።

ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ይለወጣል። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ሲወርድ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይለቀቃል። ከዚህ ከፊሉ ወደ ባትሪ ይመለሳል፤ ፍሬኑም ከመጋል ይድናል። ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ደብረ ብርሃን ላይ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው እስከ መቶ በመቶ ባይሞላ የሚሻለው ለዚህ ነው። ደግሞም በሞተር ፍጥነት መቀነስ የሚሠራው ሞተሩ በሚያሽከረክራቸው ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። ሞተሩ ከኋላ በሆነ መኪና በሚያንሸራትት ኩርባ ላይ ፔዳሉን ድንገት መልቀቅ የኋላውን ጎማ ሊያንሸራትት ይችላል። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደረስ፣ መኪናው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው።

ጎማ ሲገዛ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በውጭ አገር ‘የክረምት ጎማ’ የሚባለው ለበረዶና ከ7 ዲግሪ በታች ለሆነ ብርድ የተሠራ ለስላሳ ጎማ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም መኪናው እስኪቆም የሚሄደውን ርቀት ያረዝመዋል። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የሚያስፈልገውም ውኃ የሚያስወጣ ጥልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። የአውሮፓ ሕግ ዝቅተኛውን የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ያደርገዋል፤ ለዝናብ መንገድ ግን ከ3 ሚሊሜትር በታች ሲደርስ መቀየር ይመከራል። ባትሪው መኪናውን ስለሚያከብደው ጎማው ላይ የተጻፈው የክብደት ቁጥር ፋብሪካው ካዘዘው ማነስ የለበትም። ነፋሱም የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ወርዶ በጋለ ጎማ ላይ ነፋስ መቀነስ ስህተት ነው።

አንዳንድ ጎማ በአንድ ቻርጅ የሚኬደውን ርቀት ለማስረዘም ሲባል ቀለል ብሎ እንዲንከባለል ይሠራል። በርጥብ መንገድ የሚይዘው ጎማ ጥቂት ኪሎሜትር ቢያስቀንስም፣ ከጣርማ በር በዝናብ ለሚወርድ ቤተሰብ መመረጥ ያለበት እሱ ነው።