ከጣርማ በር ግርጌ ያለውም ይጠየቅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተበሳው ከጣርማ በር ዋሻ ብቅ ሲል፣ አገሩ ሁሉ ከእግሩ ሥር የተዘረጋ ይመስለዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርዳም ደጋ ተነሥቶ፣ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ማለዳ የተከናነበውን ጋቢ አጣጥፎ በጉልበቱ ላይ ያኖራል።

አንድ ጊዜ በዚሁ መንገድ በአውቶቡስ ስወርድ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ የቀወት ሽማግሌ ነበሩ። «አባቴ፣ ይህ ገደል አያስፈራዎትም?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቅ አሉና፣ «ልጄ፣ እናንተ ከላይ ወደ ታች ታዩታላችሁ፤ እኛ ግን ከታች ነው የምናየው። ጠዋት ስንነሣ ቀና የምንለው ወደርሱ ነው። ደመናው እዚያ ላይ ሲጠቁር ወንዙ ሊሞላ ነው ብለን ከብቶቻችንን እናርቃለን» አሉኝ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ብዙ ያልቆየሁ ሰው ነኝና፣ መልክዓ ምድር ሲባል ለፎቶግራፍ የሚያምር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለቆላው ሰው የገደሉ ጠርዝ ሰዓቱም፣ የዝናብ መልእክተኛውም ኖሯል።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን ነፋስን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በመቀሌ አጠገብ ያለው ባለ 120 ሜጋ ዋቱ የአሸጎዳ ጣቢያ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ። በአዳማ በሁለት ዙር የተተከሉት 136 ተርባይኖች 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በመንግሥት የነፋስ ኃይል ዕቅዶች ውስጥም የደብረ ብርሃን ስም፣ 100 ሜጋ ዋት ተብሎ፣ ከእነዚሁ ጋር ሲጠቀስ ቆይቷል። የነፋስ ኃይል ጥቅሙም ግልጽ ነው። አብዛኛው ኤሌክትሪካችን ከውኃ ግድብ የሚገኝ ሲሆን፣ በበጋ የግድቡ ውኃ ሲጎድል ነፋሱ ይበረታል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

እንግዲህ ጥያቄው ተርባይን ይተከል ወይስ አይተከል አይደለም። ጥያቄው የት ይተከል፣ ማንስ ተጠይቆ ነው።

በሌላው ዓለም ለዚህ የተደላደለ ሥርዓት አለ። በእንግሊዝ አገር የመልክዓ ምድርና የአካባቢ ጥናት ባለሙያዎች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ ሦስተኛው እትም በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይመዘናሉ። አንደኛው የመሬቱ ጠባይ መለወጡ ነው፤ ሁለተኛው የሚያየው ሰው እይታ መለወጡ ነው። አጥኚው በመጀመሪያ ተርባይኑ ከየት ከየት ሊታይ እንደሚችል በካርታ ላይ ያሰላል። ከዚያም ሰዎች ከሚኖሩበት፣ ከሚሠሩበትና ከሚያልፉበት ቦታ ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ገና ያልተተከለውንም ተርባይን በትክክለኛ መጠኑ በፎቶግራፉ ላይ ይሥላል። ባለመንደሩም ነገሩ ከመሆኑ በፊት አይቶ ይፈርዳል።

ይህ የባዕድ ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር፣ የራሳችንን ሕግ ይመልከት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 «አካባቢ» ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ መሬትንና ውኃን ብቻ ሳይሆን ድምፅን፣ ሽታን፣ ማኅበራዊ ጉዳዮችንና ውበትን ጭምር ቆጥሯል። ውበት በሕግ ከተቆጠረ ዘንድ የሚመዝነው ሰው ያስፈልገዋል።

በይፋት በኩል ነገሩን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ከገደሉ ጠርዝ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ቆላ ላይ ቆሟል፤ ጠርዙም ከእርሱ 1,800 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። የዓይኑ መሥመር በየኪሎ ሜትሩ 90 ሜትር እየወጣ ይሄዳል ማለት ነው። ክንፉ ወደ ላይ ሲቆም ቁመቱ 150 ሜትር የሚደርስ ተርባይን ከጠርዙ ላይ ቢተከል፣ ከእግር እስከ ራሱ ይታያል። ደጋው ሜዳ ከሆነና ተርባይኑ 1 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ቢል፣ 90 ሜትሩ ተሸሽጎ 60 ሜትሩ ይታያል። 2 ኪሎ ሜትር ቢያፈገፍግ ግን 180 ሜትር ድረስ ስለሚከለል ከነክንፉ ይሰወራል። ከሦስቱ ምናልባት የባሰው መካከለኛው ነው፤ ምሰሶው ሳይታይ ክንፉ ብቻ ከገደሉ በላይ ብቅ ጥልቅ ሲል ዓይንን ዕረፍት ይነሣል።

በእርግጥ ማፈግፈግ ዋጋ አለው። ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ በጠርዙ ላይ ሊበረታ ስለሚችል፣ ወደ ኋላ በተባለ ቁጥር የሚገኘው ኤሌክትሪክ ሊቀንስ ይችላል። ኪሳራው ስንት እንደሆነ መሐንዲሱ ያስላ። የእይታው ዋጋ ስንት እንደሆነ ግን መሐንዲሱ ብቻውን ሊያውቀው አይችልም፤ ሽንኩርቱን በመስኖ የሚያጠጣው የሸዋ ሮቢት ገበሬ፣ በደብረ ሲና መታጠፊያ ቆሎ የምትሸጠው ሴት፣ በዚያ አቀበት የሚመላለሰው ሾፌር ይጠየቁ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ተርባይኑ የሚተከለው በደጋው ወረዳ ሲሆን ስብሰባውም የሚጠራው እዚያው ነው። ዓይን ግን የወረዳ ወሰን አያውቅም። በሌሊት ለአውሮፕላን ምልክት የሚበራውን ቀይ መብራት ቆላው በየማታው እያየ፣ በጥናቱ ወረቀት ላይ ግን ስሙ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል።

ምናልባት የቆላው ሰው ሲጠየቅ፣ «ይተከልልን፣ ልጆቻችን በመብራት ያንብቡ፤ ሲሽከረከር ማየቱም ደስ ይላል» ይል ይሆናል። ይህም መልስ ነው። ጎጂው ነገር መልሱን ሳይሰሙ መትከል ነው፤ አንድ ጊዜ የቆመ ምሰሶ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራልና።

ስለዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሌላ የጠርዝ አገር ከዕቅድ ወደ ሥራ በሚሸጋገርበት ጊዜ፣ አጥኚዎቹ ካሜራቸውን ይዘው የደብረ ሲናን መንገድ ይውረዱ፤ በሸዋ ሮቢት ገበያ ቆመውም ቀና ብለው ይመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለዚህ ሥራ ጊዜው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ነው።