በፋይል ስም በኩል የሚገባው ሌባ

እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ የአሪያና ግራንዴ አዲስ አልበም የታጨቀበት አንድ ፋይል በኢንተርኔት ይዘዋወር ነበር። ያወረደው ሰው ዊንራር በተባለው የታጨቁ ፋይሎች መክፈቻ ፕሮግራም ሲከፍተው ዘፈኖቹ እንደጠበቀው ፎልደሩ ውስጥ ይራገፋሉ። አብራቸው የመጣችው አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ግን ከዘፈኖቹ ጋር አትቀመጥም። ዊንዶውስ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ወደሚቀመጡበት ፎልደር ሹልክ ብላ ትገባለች፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሥራዋን ትጀምራለች።

እዚያ ያደረሳት ስሟ ነው።

ለሰው የፋይል ስም መለያ ነው። ለኮምፒውተር ግን አድራሻም ነው። በስሙ ውስጥ ሁለት ነጥብና አንድ እዝባር፣ ማለትም «../» ካለ፣ ኮምፒውተሩ «ካለህበት ፎልደር አንድ ደረጃ ውጣ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። ለምሳሌ የሥራ አመልካቾችን ፎቶ የሚቀበል አንድ ድረ ገጽ ፎቶዎቹን «ምስሎች» በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል እንበል። አንዱ አመልካች ለፎቶው «../../ቅንብር» የሚል ስም ቢሰጠውና ፕሮግራሙ ስሙን እንዳለ ቢቀበል፣ ፋይሉ ከ«ምስሎች» ሁለት ደረጃ ወጥቶ እዚያ ያለውን የቅንብር ፋይል ሊደመስስ ይችላል። ዘዴው ለማንበብም ይሠራል፦ «ፎቶዬን አምጣልኝ» የሚል ጥያቄ የሌላ ሰው ሰነድ ይዞ ይመለሳል።

ዊንራር በዚህ ዘዴ የሚታለልበትን ክፍተት በፌብሩዋሪ 2019 ይፋ ያደረገው ቼክ ፖይንት የተባለው የእስራኤል የደህንነት ኩባንያ ነው። ችግሩ ኤስ የሚባለውን የቆየ የማጨቂያ ዓይነት በሚከፍተው ክፍል ውስጥ 19 ዓመት ተቀምጦ ነበር። ያ ክፍል የሌሎች ሥራ ነው፤ ከ2005 ወዲህ አልታደሰም፤ የዊንራር ሰዎች ምንጭ ኮዱ በእጃቸው ስላልነበረ ሊጠግኑት አልቻሉም። ስለዚህ ነቅለው ጣሉት። ማካፊ የተባለው የደህንነት ኩባንያ እንደገለጸው ግን ክፍተቱ በታወቀ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ100 በላይ የተለያዩ የጥቃት ፋይሎች ተገኝተዋል።

የሚያሳዝነው ታሪኩ መደገሙ ነው። በጁላይ 2025 ኢሴት የተባለው ኩባንያ በዊንራር ላይ ሌላ ተመሳሳይ ክፍተት አገኘ። አጥቂዎቹ የሥራ ማመልከቻ አስመስለው በአውሮፓና በካናዳ ላሉ ድርጅቶች ይልኩ ነበር። ማስተካከያው በ7.13 እትም ወጥቷል፤ ዊንራር ግን ራሱን በራሱ አያድስም፤ ባለቤቱ አዲሱን አውርዶ ካልጫነ አሮጌው እንደተከፈተ ይቆያል።

ታዲያ «../» የምትለዋን ምልክት ከስሙ ውስጥ ማጥፋት አይበቃም? ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመሮች የሚሞክሩት ይህንኑ ነው። ስሙ «....//» ቢሆንስ? ከመሃሉ «../» ሲወጣ ግራና ቀኝ የቀሩት ይገጥሙና እንደገና «../» ይሆናሉ። ማጣሪያው አደጋውን በገዛ እጁ ሠራው ማለት ነው። በ2021 በአፓቼ ዌብ ሰርቨር 2.4.49 ላይ አጥቂዎች ነጥቧን በሌላ ኮድ እየጻፉ ማጣሪያውን አልፈዋል። ተቻኩሎ የወጣው 2.4.50 ኮዱ ራሱ ዳግም በኮድ ሲጻፍ ስላልያዘው፣ በቀናት ውስጥ 2.4.51ን ማውጣት ግድ ሆነ።

አንዳንድ ፕሮግራመሮች ደግሞ ከላቲን ፊደልና ከቁጥር በስተቀር ሁሉንም ይከለክላሉ። ይህ በሩን ይዘጋል፤ ግን የሚዘጋው በአማርኛ ለሚጽፈውም ሰው ነው፤ በገዛ ቋንቋው የሰየመው ሰነድ «ስሙ ልክ አይደለም» ተብሎ ይመለስበታል። ይህን ያህል መጨከን አያስፈልግም። የተሻለው መንገድ ስሙንና አድራሻውን መለያየት ነው። ተጠቃሚው የሰጠው ስም እንደ ተራ ጽሑፍ በዳታቤዝ ይመዘገባል፤ ፋይሉ የሚቀመጥበትን ስም ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣል። ባለቤቱ ገጹን ሲከፍት «የልደት ምስክር ወረቀት» የሚለውን ያያል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ግን 48213 ነው።