አዳራሽ ማሠራትና አዳራሽ ማኖር

ሰው በአንድ ከተማ ተሰብስቦ መኖር ከጀመረ ተሰብስቦ የሚመክርበት ቤትም ያስፈልገዋል። በሀገራችን ይህን አገልግሎት ለብዙ ዘመን የሰጡት የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የገበያ ዳርና የትልቅ ዛፍ ጥላ ናቸው። ጥላው ኪራይ አይጠይቅም፤ ቍልፍም የለውም። ነገር ግን ክረምት ሲገባ ጉባኤውን ይበትነዋል፤ መዝገብ የሚቀመጥበት፣ ተማሪ መጽሐፍ የሚገልጥበት ስፍራም አይሆንም።

ለነገራችን ምሳሌ እንዲሆን ወገዳን እንውሰድ። ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳውን በሰሜን ላይ ጋይንት፣ በሰሜን ምሥራቅ ታች ጋይንት ያዋስኑታል፤ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የበሽሎ ወንዝ ከወሎ ይለየዋል። እንዲህ ባለች ከተማ አዲስ የሕዝብ አዳራሽ ይሠራ ቢባል ከየት ይጀመራል? ገና ከትምህርት ቤት ወጥተን በየወረዳው የተመደብን ወጣቶች ነገ ይህ ጥያቄ በጠረጴዛችን ላይ መቀመጡ አይቀርምና ዛሬ ብናስብበት መልካም ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከትልቁ ቀን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ትልቅ ስብሰባ እያሰብን ሺህ ሰው የሚይዝ ቤት እንነድፋለን፤ በቀሩት ቀኖች ግን የሚሰበሰበው የዕድር ጉባኤ፣ የወላጆች ኮሚቴ፣ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አንድ ሰው ከነመተላለፊያው አንድ ሜትር ካሬ ያህል ቢያዝለት ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ ቤት ሦስት መቶ ሜትር ካሬ ወለል ይበቃዋል። ትልቁ ቀን ሲመጣ በሩ ወደ ሰፊ ግቢ ቢከፈትና ድንኳን ቢጨመር ምን ይጐድላል? ከበሽሎ ቆላ ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቶ ለሚመጣው ገበሬ ከወርቃማ መጋረጃ ይልቅ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና ማረፊያ ይጠቅመዋል።

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ደግሞ ኮርኒሱ ነው። ቆርቆሮ ክዳን ኮርኒስ ከሌለው፣ የሐምሌ ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድበት ተናጋሪው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እንጂ ድምፁ አይሰማም። ዝናብን ሸሽቶ ቤት ለሠራ ሰው ይህ እንዴት ያለ ትርፍ ነው!

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ወረዳው ከክልሉ የሚያገኘው ጥቅል በጀት ይበዛው ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ የሚውል ነው። ማዘጋጃ ቤቱም በአብዛኛው የሚተዳደረው ከመሬትና ከቤት ኪራይ፣ እንዲሁም ከአገልግሎት ከሚያገኘው የራሱ ገቢ ነው። ስለዚህ የመዋጮው ዝርዝር ይዘረጋል፤ ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ፣ ገበሬው ድንጋይና ባሕር ዛፍ ወይም ጉልበቱን፣ በሌላ ከተማ ያለው ተወላጅም የአቅሙን ይሰጣል። ይህ ሁሉ በአንድ የሞቀ ሰሞን ይሰበሰባል። ችግሩ ለግንብ የሚሰጥ ሰው ለመጥረጊያ፣ ለዘበኛ ደመወዝና ለተሰበረ መስተዋት ሲጠየቅ የሚሰጠው በግድ መሆኑ ነው።

ይህ የትንሽ ከተማ ችግር ብቻ እንዳይመስል አዲስ አበባ ያለውን አፍሪካ አዳራሽን እንመልከት። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፉት ይህ ቤት በ18 ወር ገደማ ተሠርቶ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ብቻውን 150 ሜትር ካሬ ይሆናል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ ጣራ ሥር ነው። ዘመን ሲያልፍ ግን ሕንፃው አረጀ፤ በአጠገቡም በ1988 ዓ.ም. ሌላ የጉባኤ ማእከል ተከፈተ። ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለእድሳቱ ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቀደ፤ ታድሶ የተመረቀውም ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ለመሥራት 18 ወር፣ ለማደስ ከፈቃድ እስከ ምረቃ ዘጠኝ ዓመት ያህል! ወጪውን የሸፈነው የአባል መንግሥታት መዋጮ ነበር፤ በዚህ ረገድ ትልቁ የዓለም ማኅበርም ከሰፈራችን ዕድር ብዙ አይርቅም።

ዕድርን ያነሣነው ለቀልድ አይደለም። ዕድር ድንኳን ሲገዛ ወርኃዊውን መዋጮ፣ የዘገየውን መቀጫና ዕቃ የሰበረውን ዕዳ አብሮ ይደነግጋል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዝገቡም በአባላቱ ፊት ይነበባል። ድንኳኑ ተቀድዶ ቢገኝ ማን እንዲያሰፋው ሁሉም ያውቃል። በሚሊዮን ብር የሚሠራ አዳራሽ ይህን ያህል ሕግ ሳይኖረው የመሠረት ድንጋይ ሊጣልለት አይገባም እንላለን።

እንግዲህ ዕቅዱ ሁለት ገጽ ይኑረው። አንደኛው የግንባታው ነው፤ ሁለተኛው ቤቱ በየዓመቱ የሚበላውን፣ ማለት የዘበኛውን፣ የመብራቱን፣ የቀለሙንና የቆርቆሮውን እድሳት፣ ከነመክፈያው ምንጭ የሚያሳይ ይሁን። ለሠርግ ማከራየት የሕዝብን ቤት ያዋርዳል የሚሉ አሉ፤ ቤቱን የሚያዋርደው የፈሰሰ ጣራ ነው። የሠርግ ኪራይ ከፍ ይበል፤ የዕድር ጉባኤ ዝቅ ያለ ይክፈል፤ ተማሪዎች በማታ ለጥናት በነጻ ይግቡ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን እንደማንኛውም ተከራይ ይክፈል፤ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚሰበሰብ እርሱ ነውና በነጻ ከገባ ሁለተኛው ገጽ ከንቱ ይሆናል። የገባውና የወጣው ሒሳብም በየሦስት ወሩ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ። ሰጥቶ የት እንደ ደረሰ ያላወቀ ሰው ለሚቀጥለው ድልድይ ወይም ጤና ጣቢያ እጁን አይዘረጋም።

የቀረው የቍልፉ ነገር ነው። ቍልፉ በአንድ ሹም ኪስ ከሆነ፣ ሹሙ ለሥልጠና ባሕር ዳር በሄደ ጊዜ ጉባኤው ተመልሶ ወደ ዛፉ ጥላ ይሄዳል። ስለዚህ ቍልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁለተኛው የከተማው ዕድሮች በመረጡት ሰው እጅ ይቀመጥ።